ቀይ ጨርቅ ያልታሰረበት ሶኬት

«አልነሳ አለኝ እኮ!» ቱርቦ በጄቷ በር አንገቷን ብቅ አድርጋ አንሾካሾከች። «ማንሻው ንቅንቅ አይልም። ቁንጫ፣ ምን አድርገሽው ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ክፍተቱን የለካሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለች ቁንጫ ከፊተኛው ጎማ ሥር፣ ግሪስ የነካውን ጉንጯን በክንዷ እየጠረገች።

በቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ መሀል አንዲት ትንሽ ጄት በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ከበረረች ስንት ዘመኗ! ቀለሟ ተልጧል፤ የተሳፋሪ መቀመጫዎቿም ተነቅለው የመምህራን ማረፊያ ክፍል ሶፋ ሆነዋል። ጎማዎቿ ግን ዛሬም ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፤ የኦክስጅን ሲሊንደሯም ይሞላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ የተግባር ፈተናውን የሚፈተነው በእሷ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ጎማዎቹን አጥፈው፣ መልሰው ዘርግተው፣ ሦስቱን አረንጓዴ መብራቶች ማብራት አለባቸው። የመጨረሻዎቹ ጥንዶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መምህራቸው ጋሼ ሰዓታቸውን ይዘው ከክንፉ ጫፍ ቆመዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በፊተኛው እግሯ ላይ አውራ ጣት የምታህል ሴንሰር አለች። ጄቷ መሬት ላይ ስትቆም እግሯ በክብደቷ ይጫንና አንዲት ቁራጭ ብረት ወደ ሴንሰሯ ትጠጋለች። ያኔ ጄቷ መሬት ላይ መሆኗን አውቃ የጎማውን ማንሻ ትቆልፋለች፤ አንዱ ጅል ቆማ ሳለች ጎማዋን አጥፎ በሆዷ እንዳይዘርራት። በክሪክ ስትነሳ ደግሞ እግሯ ይዘረጋል፣ ብረቷ ትርቃለች፣ ማንሻውም ይፈታል። ቱርቦ እንደ ልማዷ ስትጣደፍ ብረቷን ከልክ በላይ አስጠግታት ኖሮ፣ ጄቷ አየር ላይ ተንጠልጥላም መሬት ላይ ነኝ ብላ ድርቅ አለች።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ብሎኑን ፈታ አድርጎ፣ ክፍተቱን እንደገና ለክቶ ማጥበቅ ነው። ግን ጊዜ ይበላል፤ ጊዜ ደግሞ የላቸውም።

ቱርቦ የሆነ ነገር የምትፈትሽ መስላ ወረደችና ቁንጫ አጠገብ ተንበረከከች። «ስሚኝ፤ ሶኬቱን ንቀይው።»

«የምኑን?»

«የሴንሰሯን ነዋ! ከተነቀለ አየር ላይ ያለች ይመስላታል፤ ማንሻው ይለቃል። በናትሽ! ከወደቅኩ ወንድሜ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ቱርቦ ዓምና ወድቃ ነው እየደገመች ያለችው። ታላቅ ወንድሟ ዘንድሮም ከወደቀች ትምህርት የሚባል ነገር እንደሚያበቃና ሱቁ ውስጥ እንደምትቆም በእናቷ ፊት ምሎባታል። ቱርቦ ሱቅ ቆማ ማየት ለቁንጫ የሚታሰብ አይደለም። በፍጥነቷ ቱርቦ የተባለች፣ ስታወራ እንኳ ትንፋሽ የማትወስድ ልጅ!

ሶኬቱ ያለው ከጎማው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከቱቦዎቹ ጀርባ፣ የሰው ክንድ በማይገባበት ስርቻ ነው። ቁንጫን ቁንጫ ያሰኛትም ይሄው ነው። ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ እሷ ስለሆነች ጋሼ ራሳቸው ሳይቀሩ ጠባብ ቦታ በገጠማቸው ቁጥር «ቁንጫዬ የታለች?» ይላሉ። ትከሻዋን አጣማ ገባች፤ ክንዷን እስከ ብብቷ ሰደደች፤ ሶኬቱን አዙራ ነቀለችው።

ደንቡ ግልጽ ነው። የተነቀለ ነገር ሁሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ በጨርቁ ነጭ ጥግ ላይም የነቀሉት ሁለት ተማሪዎች ስማቸውን ይጽፋሉ። ያ ጨርቅ ሳይፈታ ጄቷ ከክሪክ አትወርድም። ቁንጫ ይሄን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጨርቆቹን የምትሰፋው ልብስ ሰፊ እናቷ ናት። ያን ቀን እንኳ በቱታዋ ኪስ አንድ ይዛ ነበር። ግን ጨርቁ ከታሰረ ጋሼ ያያሉ፤ ካዩ ደግሞ ወደቁ። ስለዚህ ጨርቁ ከኪሷ አልወጣም።

ማንሻው ተነሳ። ጎማዎቹ ታጠፉ፣ ተዘረጉ። ሦስቱም መብራቶች ቦግ አሉ።

«ጎበዞች!» አሉ ጋሼ። ከዚያ ማንንም ሳያልፉ የሚጠይቁትን ጠየቁ። «ነቅላችሁ ያልመለሳችሁት ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ!» አለች ቱርቦ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

ጋሼ ተማሪ ቃሉን ከሰጣቸው ወዲያ ባትሪ ይዘው አይፈትሹም። የሰው ቃል ያምናሉ። ይሄ ደግነታቸው ይሁን ሞኝነታቸው እንጃ። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ክሪኩን ማውረድ ጀመሩ።

እጃቸውን ሲታጠቡ ቁንጫ ቀስ ብላ «ሶኬቱስ?» አለች።

«እኔ እመልሰዋለሁ፤ ሰዉ ይውጣ ብቻ። አንቺ ሂጂ፣ አውቶቡስሽ ያመልጥሻል።»

ሄደች። በነጋታው በር ላይ «መለስሽው?» ብላ ስትጠይቃት ቱርቦ ሳቀችባት። «መለስኩት አልኩሽ እኮ! አቦ አታድርቂኝ። አልፈናል! ደስ አይልሽም?»

ቁንጫም ደስ አላት።

በሳምንቱ አዲስ ተማሪዎች ገቡ። ጋሼ አዲስ ተማሪ በገባ ቁጥር የሚያሳዩት አንድ ትርኢት አላቸው። ጄቷ በጎማዎቿ ቆማ፣ ማጠፊያውን የሚገፋው የሃይድሮሊክ ፓምፕ እየሠራ፣ ጎማዎቹ እንዳይታጠፉ የሚሰኩትን ፒኖች ይነቅላሉ። ከዚያ አብራሪው ወንበር ላይ ይወጡና ማንሻውን ወደ ላይ ይጎትታሉ። አዲሶቹ ይጮኻሉ። ማንሻው ግን ውልፍት አይልም። «አያችሁ? እኛ ብንጃጃል እሷ መሬት ላይ መሆኗን ታውቃለች!» ይላሉ እየሳቁ። ፒኑ ተሰክቶ ይቆይ ያሏቸው መምህራን ነበሩ። እሳቸው ግን «ፒኑ ካለማ የማሳየው ፒኑን ነው፣ ሴንሰሯን አይደለም» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሏቸው።

ያን ቀን ቁንጫ እሳት ማጥፊያ ይዛ ከአዲሶቹ ጀርባ ቆማ ነበር። ትርኢቱን በቃሏ ስለምታውቀው ከጋሼ ቀድማ ፈገግ ብላለች። አንድ ጥርሰ ፍንጭት ልጅ ፊተኛው ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። ጓደኛው «ና በዚህ፣ ከዚህ ይሻላል» ብሎ በኮሌታው ጎትቶ ወሰደው።

ጋሼ ማንሻውን ጎተቱት። ማንሻው ተነሳ።

ፊተኛው እግር ታጠፈና ጄቷ በአፍንጫዋ ተደፋች። ብረቱ ሲጮህ ልጆቹ ግማሾቹ መሬት ላይ ተኙ፣ ግማሾቹ ወደ በሩ ተንጋጉ። አንዱ መምህር ዘሎ ፓምፑን ባያጠፋው የኋላዎቹ ጎማዎችም ይከተሉ ነበር። ጋሼን ሲያወርዷቸው ግንባራቸው ደምቷል፣ ቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል። እሳቸው ግን ስለ ክንዳቸው አይደለም የሚያወሩት። «ልጁስ? ጎማው ጋ የነበረው ልጅስ?» ይላሉ ደጋግመው። ጥርሰ ፍንጭቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

 ቁንጫ ዞር ብላ ቱርቦን ፈለገቻት። ቱርቦ በሩ ጋ ቆማለች፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ ፊቷን አዞረች።

ጄቷን በመጨረሻ የነኩት እነሱ ስለነበሩ ምክትል ርዕሰ መምህሯ ሁለቱንም ቢሮ አስጠሯቸው። «ከፈተናው በኋላ ሳይመለስ የቀረ ነገር ነበር?»

«ምንም አልነበረም» አለች ቱርቦ።

ምክትሏ ወደ ቁንጫ ዞሩ። ቁንጫ አፏን ስትከፍት ቱርቦ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት። «አልነበረም» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

ጋሼ ጥግ ላይ፣ ክንዳቸው በፋሻ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ተቀምጠዋል። «ልጆቹን ይተዉአቸው» አሉ። «ያን ዕለት ጠይቄያቸዋለሁ፤ የለም ብለውኛል። እነዚህ አይዋሹኝም። እኔው ነኝ። ሰሞኑን ጉድጓዱን ጠርጌ ነበር መሰለኝ… አንድ ነገር ነቅዬ ረስቼ ይሆናል። አላስታውስም እንጂ።»

ቁንጫ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ጉድጓዱን ማንም አልጠረገውም።

የውጭ መርማሪዎች ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ፤ እስከዚያ ማንም ጄቷን እንዳይነካ ዙሪያዋ ገመድ ተወጠረ። በግቢው ግን ፍርዱ ተሰጥቶ አድሯል። ሽማግሌው ዘንግቶ ነው፣ ድሮስ ጡረታ መውጣት ነበረበት፣ ልጅ ሊያስጨርስ ነበር ይባላል። ቁንጫ ይሄን በሰማች ቁጥር አንገቷን ደፍታ ታልፋለች።

እቤትም አልቀረላት። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻት። «ምነው እራቱ ጠላትሽ ሆነ?»

«አልራበኝም።»

ወለሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ተከምሯል። እናቷ ሁልጊዜ «ይሄን ሁሉ ቀይ ጨርቅ ምን ታደርጉታላችሁ? አይሮፕላኗን ልትድሯት ነው?» እያለች ትቀልድ ነበር። ያን ማታ አልቀለደችም። «ጋሼን ያባርሯቸዋል ይባላል፤ እውነት ነው? ምስኪን! ሰው ሲያረጅ ያው ነው፣ አእምሮ ይከዳል።»

«አላረጁም!» አለች ቁንጫ። ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

እናቷ ወደ መኪናዋ ተመለሰች። ቁንጫ እስክትጠየቅ ነበር የጠበቀችው፤ አንዴ ብቻ ደግማ ብትጠይቃት ኖሮ ሁሉንም ትዘረግፈው ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ጋሼ ቱታ ለብሰው መጡ። የኦክስጅን ሲሊንደሩ የተቀመጠው በተጣመመው አፍንጫ ውስጥ ስለሆነ እንዲያ ሊሰነብት አይችልም፤ ምክትሏ እሱ ብቻ እንዲወጣ ፈቅደዋል። «ቁንጫዬ፣ ዛሬ እጄ አንቺ ነሽ» አሏት።

እስከ ክርኗ በሳሙና አስታጠቧት። «ቅባትና ኦክስጅን ከተገናኙ እሳት ነው፤ ግሪስ የነካው አንድ ጣት ይበቃል» የሚለውን ትምህርታቸውን ተማሪው ሁሉ በሕልሙም ይደግመዋል። ያን ቀን ግን መንገድ ላይ ቆም አሉ። «ታጥበሻል አይደል? አይቼሻለሁ?»

«ታጥቤአለሁ ጋሼ። አጠገቤ ነበሩ።»

የሲሊንደሩን ቫልቭ እሳቸው እያዩ ዘጋችው። «ጌጁን እንዳታምኚው» አሉ። «ቫልቩ ቢዘጋም እሱ ሙሉ ነው ይልሻል፤ የሚለካው ሲሊንደሩን ነው። ማስኩን አድርጊና ሳቢ። አንዴ ስበሽ አትተዪ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ያታልልሻል። እስኪያልቅ ሳቢ።»

አብራሪው ወንበር ላይ ወጥታ ማስኩን ፊቷ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ቀዝቃዛ አየር እንደ ልብ መጣላት። ቀጥሎ ቀጠነ። ከዚያ ማስኩ ፊቷ ላይ ተጣበቀና ምንም አልመጣ አለ። አውልቃው ወረደች። «አልቋል። ተዘግቷል ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

በግራ እጃቸው ቫልቩን ነካ አድርገው ሄዱ። ተመልሰው መጡና ደግመው ነኩት። «ዘግቼዋለሁ አይደል?»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ እርስዎ አይተውኛል።»

«አዎ። አዎ፣ ልክ ነሽ።» ለመሳቅ ሞከሩ። «ሰሞኑን ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ እያልኩ ከመኝታዬ ስነሳ ነው የማድረው። ባለቤቴ መጀመሪያ ስቃብኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ታየኛለች። ዕድሜ ልኬን እጄን አምኜ ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ እጄን ማመን አቃተኝ።»

 «ጋሼ…» አለች ቁንጫ። እሳቸው ግን አልጠበቋትም፤ የሲሊንደሩን ጋሪ ሊያመጡ ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ።

ወዲያው የኋላው በር ተከፈተ። ቱርቦ ናት። «ሄዱ? ተመስገን! በይ ፍጠኚ።»

«ወዴት?»

«ወደ ጉድጓዱ ነዋ! ሶኬቱን ሰክተሽ ውጪ። ነገ መርማሪዎቹ ሁሉን በቦታው ካገኙት አለቀ፤ ማንም እኛ ላይ ጣቱን አይቀስርም።»

 ቁንጫ ተንበረከከች። የጄቷን አፍንጫ በጣውላ ደግፈውታል፤ በታጠፈው ጎማና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል የቀረው ክፍተት ለማንም አይበቃም፣ ለእሷ ግን በቃ። በጀርባዋ እየተሳበች ገባች። ክንዷን ከቱቦዎቹ ጀርባ ሰደደች። ሶኬቱ እዚያው፣ ራሷ በተወችው ቦታ ተንጠልጥሎ ነበር።

«አልመለስሽውም» አለች ከውስጥ።

«እጄ አልደረሰም! ሞክሬያለሁ፣ ወንድሜ ይሙት!»

«ታዲያ ለምን መለስኩት አልሽኝ?»

 የቱርቦ ድምፅ መረረ። «አንቺስ? እጄ እዚያ እንደማይገባ አታውቂም ነበር? ቁንጫ ለምን እንደተባልሽ ጠፍቶሽ ነው? አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ ብለሽ ነው ያመንሽኝ!»

 እውነት ነው። ያን ቀን ቁንጫ እጇን ስትታጠብ፣ የቱርቦን ሰፊ ትከሻ እያየች፣ አውቃ ነበር። አውቃ ሄደች። በነጋታውም አውቃ ጠየቀች፤ እንደምትዋሻት እያወቀች ጠየቀቻት። ጥርሰ ፍንጭቱ ልጅ ያን ሰዓት ባይጎተት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እዚያው ተኝታ አሰበች።

«እሺ ይቅርታ» አለች ቱርቦ፣ አሁን እየለመነች። «ግን ፒኑን የነቀለው ራሱ ነው አይደል? ተው ሲሉት እንቢ ያለው ራሱ ነው። ሽማግሌ ነው፤ ዛሬ ባይሄድ ነገ ይሄዳል። እኔ ገና ነኝ። ደግሞ ከተናገርሽ የነቀለው ያንቺ እጅ ነው፤ ቀድመው የሚያባርሩት አንቺን ነው። ስሞትልሽ፣ ስኪውና እንሂድ።»

ይሄም ሁሉ እውነት ነበር። ሶኬቱን ወደ ሴንሰሯ አስጠጋችው። አንዴ ብታዞረው ቀጭ ብሎ ይገጥማል።

ለቀቀችው። እጇን ወደ ቱታዋ ኪስ ሰደደች። ጨርቁ ከፈተናው ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር፤ ተጨማዶ ኳስ አክሏል። ዘረጋችና ሶኬቱ አንገት ላይ አሰረችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አወጣች። በጀርባ ተኝቶ መጻፍ ያስቸግራል፤ ፊደሎቹ ተወላገዱ። ቁንጫ ብላ አልጻፈችም። እናቷ ስትቆጣ ብቻ የምትጠራውን፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ሁለተኛውን መስመር ባዶ ተወችው።

ተስባ ወጣችና እስክሪብቶውን ለቱርቦ ዘረጋችላት። «ጨርቁን አስሬዋለሁ። ሽቦውን ሳብ አድርጌ ጨርቁን እስከ ጠርዙ አወርድልሻለሁ። ያንቺ መስመር አለ።»

ቱርቦ እስክሪብቶውን አየችው፤ አልተቀበለችም።  «አብደሻል» አለች ቀስ ብላ። «ጓደኛዬ ነሽ ብዬ… ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።» በኋላው በር ወጣች። ከዓመቱ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነበር የተቀመጡት። ቁንጫ ልትጠራት ፈለገች፣ አልጠራቻትም። እንባዋ ዱብ ዱብ ሲል ግሪስ በነካው እጇ ጠረገችው።

የጋሪው ጎማ እየጮኸ መጣ። «ቁንጫዬ» አሉ ጋሼ ገና ከሩቁ፣ «ቫልቩን ዘግቼዋለሁ አይደል?»

«ተዘግቷል። ጋሼ፣ እርስዎ የረሱት ነገር የለም።»

ጋሪውን አቆሙ። «ምን አልሽ?»

«ምንም አልረሱም። አእምሮዎ ደኅና ነው።»  «ባትሪዎን ያምጡና ጉድጓዱን ይዩት።»

 ጋሼ በደኅናው እጃቸው ባትሪውን ይዘው፣ እየከበዳቸው ተንበረከኩ፤ አንገታቸውን አጣመው ወደ ውስጥ አበሩ። ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ።  ቁንጫ እጇን አጣምራ፣ ሳትሸሽ፣ ከጀርባቸው ጠበቀች።

በመጨረሻ ከጉድጓዱ ውስጥ ስሟን ሲያነቡ ሰማች። ከነአባቷ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ፊደል ሳይስቱ። በሙሉ ስሟ ሲጠሯት ይሄ የመጀመሪያቸው ነበር።